የአስካለን ትውልድ የነገርኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ግማሹን የሰሙ አሉ፤ ግማሽ ደግሞ ከውሸት አይሻልም። ለንስሐ አባቴ «ሰው አምቻለሁ» ብዬ ነበር። ሰው አምቻለሁ! ሰው ያላማ ማን አለ? እሳቸውም ከዚያ በላይ አልጠየቁኝ፣ እኔም ከዚያ በላይ አልተነፈስኩ። ስገጂ አሉኝ፣ ሰገድኩ። ጉልበቴን አመመኝ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ እናንተን ይዣለሁ፤ ፊቴን አታዩትም፣ ያ ደግሞ ይቀለኛል። እንዲቀለኝ መፈለጌንም ጻፉብኝ።

ስቶክሆልም የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ እንደመጣሁ ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠናሁት አንድ ሰው ነው፣ በመካከለኛው ዘመን የኖረ አይሁዳዊ ፈላስፋ። ስሙን እዚህ አልጠራውም። በስሙ እንጀራ በልቼበታለሁ፣ ዶክተር ተብዬበታለሁ፣ ጡረታ ወጥቼበታለሁ፤ ከዚህ ጉድ ጋር ደግሞ አብሬ ላነሳው አፍራለሁ። ሰውየው የተወለደው በስፔን ምድር ነው። ገና ልጅ ሳለ አዲስ ገዢዎች መጡና «ሃይማኖታችሁን ለውጡ፣ አለዚያ ውጡ» አሉ። ቤተሰቡ ከአገር አገር ሲንከራተት ኖሮ መጨረሻ ግብፅ ገባ። እዚያ ሐኪም ሆነ፣ የወገኖቹም ዳኛ ሆነ። ነጋዴ ወንድሙ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሲቀርበት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ተኛ። ከዚያ ተነስቶ ጻፈ። ስለ ፈጣሪ «እንዲህ ነው» ከማለት «እንዲህ አይደለም» ማለት ይሻላል የሚል ጠንቃቃ ሰው ነበር። ኮከብ ቆጠራን፣ ክታብን፣ አስማትን እንደ እሱ የናቀ አላጋጠመኝም። ይህን ሁሉ አስተምሬያለሁ፣ በስዊድንኛ፣ ተማሪው እስኪያዛጋ ድረስ።

አስካለ ግን አታዛጋም ነበር። እኔ ስለሰውየው ስለፈልፍ እሷ ወጥ እያማሰለች ትሰማኛለች። አስካለ የጎንደር ልጅ ናት፤ በሱዳን በኩል ነው የወጣችው። ሄምቸንስት ትሠራለች፣ የሽማግሌዎችን ቤት እየዞረች ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት መስጠት። ከከተማው ዳር፣ ብሬዴንግ፣ አንድ ክፍልና ኪችን አላት፤ እኔ መሃል ከተማ፣ ሶደርማልም ነኝ። እሷ አግብታ ፈታለች፣ ልጅ አልሰጣትም። እኔ ከነጭራሹ አላገባሁም። ለዚህ ነው ፈላስፋውን ባልሽ የምትለኝ። ስልክ ስትደውል ሰላምታዋ እሱ ነው። «ባልሽ ደህና ነው?» «ደህና ነው።» «ዛሬስ ምን አለ?» «ብዙ አለ።» «ወይ ጉድ! ሞቶ እንኳ አፉን አልዘጋም?» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ከስልኩ አልፎ ጎረቤት ይሰማል። ከእሷ ሌላ ይህን ከተማ ለእኔ ቤት ያደረገልኝ ሰው የለም። ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት።

የማርያም ማኅበር ነበረን። ሴቶች ብቻ ነን፣ በየወሩ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ሁሉም ሠራተኛ ስለሆነ ቅዳሜ ነው የሚመቸን። የአስካለ ተራ ሲደርስ እኔ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ፣ ላግዛት። ምግቡ ሁልጊዜ አልቆ ነው የሚቆየኝ፣ ዓርብ ተሠርቶ። ማሞቅ ብቻ ነው የሚቀረው። ታዲያ ሁልጊዜ «እስኪ ያቺን ምድጃ አብሪልኝ፣ እጄ እርጥብ ነው» ትለኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እጇ እርጥብ ነው። ሌላ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን የቅዳሜን እሳት ነገር፣ ምን ይነካል ምን አይነካም የሚለውን፣ ሰውየው ከጻፈው ላይ ስፈለቅቅ የኖርኩ ነኝ። አንድ ቀን እየሳቅሁ «አስካለ፣ ቅዳሜ እሳት አትነኪም እንዴ?» አልኳት።

ሳቋ ቆመ። የኪችኑን በር ገፋ አደረገችውና «ባልሽ ተደብቆ ያውቃል?» አለችኝ።

ነገርኳት። እንደ አዋቂ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። በዚያ ክፉ ዘመን ሳይወዱ በግድ ሌላ ሃይማኖት በአፋቸው የተናገሩ ወገኖቹን ሌሎች «ጠፍታችኋል» ሲሏቸው፣ እሱ አልጠፋችሁም ብሎ እንደጻፈላቸው። በጓዳ የሚያደርጉት ትንሿ ነገር እንኳ ከንቱ እንዳልሆነች፣ እነሱን ማሳፈር ራሱ ኃጢአት እንደሆነ። አስካለ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አለቀሰችም። ከዚያ አያቷን ነገረችኝ። አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣ ቤተ እስራኤል። መሬት የማይሰጣቸው ሰዎች ስለነበሩ ቤተሰቡ ክርስትና ተነሣ፣ አገር ለቆ ሌላ ቦታ ሰፈረ፣ ትውልዱንም ዋጠው። አያቷ ግን ሁሉን ሲተዉ ቅዳሜ እሳት አለመንካትን አልተዉም።

«እኔ ክርስቲያን ነኝ» አለችኝ። «እመብርሃንን የምወዳት ከልቤ ነው። ግን ቅዳሜ እሳት ስነካ አያቴን፣ እማማዬን፣ በጥፊ የመታኋት ይመስለኛል። ይህን የፈታሁት ባሌም አያውቅ። አንቺ ስለሚገባሽ ነው።»

«ከምናገር ሞቼ ልገኝ» አልኳት። ይኸው አልሞትኩም።

ለምን እንደምትደብቅ ለእናንተ ማስረዳት ያስፈልገኛል? የእኛ ሰው ስለ ሸክላ ሠሪና ስለ ቀጥቃጭ የሚለውን ታውቃላችሁ። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል፣ ሕፃን አይታይባቸውም፣ እጃቸው የነካው አይቀመስም። አገር ጥለን ስንወጣ ስንቱን ነገር ጥለናል፣ ወንድም እህት ጥለናል፤ ይህቺን ግን አልጣልናትም። ኤርፖርት ላይ የሚፈትሻት የለ።

ሰናይት ከማኅበሩ ልጅ እግሯ ነበረች፣ ፋርስታ የምትኖር። ሴት ልጅ ወለደች፣ ሊያን። ብቻዋን ነበር የያዘችው፣ ባልየው አገር ቤት ነው፤ እኔና አስካለ አረስናት። አስካለ ገንፎ ስታገነፋ፣ እኔ ደግሞ የወረቀቱን ጣጣ፣ የወላጅ ፈቃዱን፣ የቤት ድጎማውን ሳስጨርስላት። እንግዲህ ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ ብዬ በሆዴ ጨርሻለሁ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ግን ዶክተር ነኝ፣ ትልቅ ነኝ፣ ቋንቋ አውቃለሁ፤ ሌላ ማን ሊሆን ነው? የምገዛላትን የክርስትና ቀሚስ ሁሉ በዓይኔ አይቼ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰናይት ሕፃኗን በጋሪ ይዛ ቤቴ መጣች። ፊቷ ጭንቅ ብሏል። «ዶክተር፣ ምክር ፈልጌ ነው» አለች። «ክርስትና እናት እትዬ አስካለን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። እርስዎን ያልለመንኩት ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ ነው። ከእናቴ ጋር በስልክ ሳወራ ደግሞ ትውልዷ ከየት ነው ብላ ያዘችኝ። እርስዎ ጓደኛቸው ነዎት፣ ያውቃሉ ብዬ...»

ሥራ ይበዛብዎታል። እዚህ ላይ ነው የታመምኩት። ሌላ ምክንያት አትፈልጉልኝ፣ እኔም ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። ቀናሁ። ያቺ ሽንት የምትጠርግ ሴት ተመርጣ እኔ ቀረሁ አልኩ። አዎ፣ በሆዴ እንዲህ ነው ያልኩት፣ በዚህ ቃል። ልጅ የሌለኝ እኔ ብቻ ይመስል፣ ሕፃን ማቀፍ የሚያምረኝ እኔ ብቻ ይመስል።

«አስካለ ደግ ሰው ናት» ብዬ ጀመርኩ። ክፉ ነገር እንዲህ ነው የሚጀመር። «አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ ይባላል፣ ከቤተ እስራኤል ወገን። ይባላል ነው እንግዲህ።» ይባላል! የሚለው ማን ነው? ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ሰናይት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረ? አላቆምኩም። ጎንበስ አልኩና የሕፃኗን ፎጣ ወደ ፊቷ ሳብ አድርጌ «ለማንኛውም ሸፈን አድርጊያት፤ ሰው ዓይን አለው» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በቡዳ የማላምነው እኔ፣ አስማትንና ክታብን ስለናቀ ሰው በዚያው ሰሞን አዳራሽ ሞልቶ ያስጨበጨብኩት እኔ። ሰናይት ብትል ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ የምታምነውን ፈራች። እኔ የማላምነውን ነገር አንስቼ ሰው መታሁበት። ከሁለታችን የትኛችን ናት የባሰች? ለራሴ «የተናገርኩት እውነት ነው፣ አያቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ» ስል ከረምኩ። ስለሰው ክፉ የሚያሳስበውን ነገር መናገር እውነት እንኳ ቢሆን ኃጢአት ነው ብሎ የጻፈውም ያው የእኔው ሰው ነው። እሱንም አስተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ።

ሰናይት ለአስካለ «የባሌ ዘመዶች የራሳቸውን ሰው ፈለጉ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እኔም መቼም ትንሽ እንደመግደርደር አልኩና እሺ አልኩ። ሊያ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ አቅፌ የቆምኩ እኔ ነበርኩ። አስካለ መጣች። ከሁሉም በኋላ፣ ከሴቶቹ ጀርባ ቆመች። ሲያልቅ ቀረብ ብላ ነጭ ቀሚስ ሰጠችኝ፣ ጠርዙን በእጇ የጠለፈችው። ቀድማ ሠርታው ኖሮ ነው፣ ክርስትና እናት ትሆኚያለሽ ተብላ። «አንቺ አልብሺያት» አለችኝ። ሰናይት በጆሮዬ «ዶክተር፣ ያንን አናልብሳት» አለችኝ። እሺ አልኩ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አስካለ እያየችኝ ነበር።

ወሬ እግር አለው፤ የእኛ ወሬ ደግሞ የባቡር ትኬትም አያስፈልገው። የሚቀጥለው የአስካለ ተራ ሲደርስ ሁሉም መጡ። ዶሮውን፣ አይቡን፣ ድፎውን አቀረበች። አንዷ ጨጓራዬን አለች። አንዷ ስለት አለብኝ አለች። አንዷ ከቤት በልቼ ነው የመጣሁት አለች፣ ማኅበር ሊበላ የሚመጣ ሰው ከቤቱ በልቶ እንደሚመጣ ሁሉ። እርጉዟ ከነጭራሹ አልመጣችም። ጽዋው ሲዞር ከንፈር ነክቶ ይመለሳል። እኔስ? እኔ ሰው ፊት ምንም አልቀመስኩም። ኪችን ገብቼ፣ ከድስቱ በቆምኩበት፣ ሁለት ጉርሻ ዋጥኩ፤ እንዲህ አድርጌ ሕሊናዬን ላበላ። አስካለ ከኋላዬ መጣች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። «የሚበላው ሳሎን ነው።»

እጄ ላይ ወጥ ነበረ። እሷም መልሴን አልጠበቀችም፤ ሰሃኖቹን እንደሞሉ ሰብስባ መመለስ ጀመረች።

ታውቅ ነበር። እንዴት አታውቅም? የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው! እኔ ግን ዓመታት ሙሉ «ምናልባት ከሌላ ሰምተው ይሆናል ብላ ይሆናል» እያልኩ ራሴን አጃጃልኩ። ከማኅበሩ ወጣች፤ ፈረቃዬ አልመች አለ ብላ። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ቅዳሴው ሳያልቅ ትወጣ ነበር፣ ሰላም ላለመባባል። ሕፃን የያዘች ሴት ስታይ ራሷ ፊቷን ታዞራለች፣ ሰዎቹ ሳይሸፍኑባት ቀድማ። ይህን በዓይኔ አየሁ። እንደዋወላለን፣ እንጠያየቃለን፣ በበዓል እንኳን አደረሰሽ እንባባላለን። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ባልሽ ደህና ነው ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አንድም ቀን። የፈረደችብኝ በዚያ ብቻ ነው።

ሰውየው፣ የበደልከው ሰው ዘንድ ራስህ ሂድ ይላል፣ ጾምም ጸሎትም ለዚያ አይበቃህም። እንቢ ካለህ ሰው ይዘህ ተመለስ፣ ደግመህም ሂድ። እኔ አንድ ጊዜ ሄድኩ፣ አስካለ ታማ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤቷ የተመለሰች ሰሞን። በባቡሩ ቀይ መስመር ብሬዴንግ እስክደርስ የምናገረውን ስደግም ሄድኩ። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ዶክተሮቹ አወራሁ፣ ብርቱካን ላጥኩላት። ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። «የመጣሽበትን አትናገሪም?» አለችኝ።

«ልጠይቅሽ ነው እንጂ ምን አለና» አልኩ።

«እንግዲያው ብርቱካንሽን ብዪ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

በር ከፍታልኝ ነበር። እኔ ብርቱካን በላሁ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም።

የበደልከው ሰው ሞቶ ከቀደመህስ? ለዚህም ሰውየው ሥርዓት ጽፎለታል። አሥር ሰው ይዘህ መቃብሩ ላይ ቁም፣ ያደረግኸውን በስሙ ጠርተህ ተናገር ይላል። በጓዳ አይደለም፣ በጆሮ አይደለም፣ ሰው ፊት። ይህን በወጣትነቴ ሳነበው ግሩም ነው ብዬ አስምሬበት ነበር። እሱን ላድርግ አልኩ። በአርባዋ ከፍትሐቱ በኋላ የማኅበሩን ሴቶች «መቃብሯ ድረስ አብረን እንሂድ» አልኳቸው። እሺ አሉ፣ ለሞተ ሰው ማን ይነፍጋል። ሊያም ነበረች። አሁን ትልቅ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በስዊድንኛ ነው። እኔን ጉድሞር ነው የምትለኝ፣ ክርስትና እናቴ ማለቷ ነው። ከእናቷ ይልቅ ለእኔ ነው ሚስጥሯን የምትነግረኝ።

ያካፋ ነበር። ክብ ሠርተን ቆምን። ተናገርኩ። «አስካለን በድያታለሁ። ትውልዷን ለሰናይት የነገርኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ብቻ ነበር የነገረችኝ። ከመሃላችን ያስወጣኋት እኔ ነኝ» አልኩ። በቃ አሁን ይተፉብኛል፣ ይገባኛል ብዬ ጠበቅኩ።

ሰናይት መጥታ እቅፍ አደረገችኝ። «ውይ ዶክተርዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ይዘው ነው የሚጨነቁት? ምን አጠፉና! ልጄን ያተረፉልኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ!»

«እሷንም ነፍሷን ይማር» አለች ሌላዋ፣ «ክፉ ሰው አልነበረችም። ዓይን እኮ በሰው እጅ አይደለም፣ በዘር ነው የሚመጣ።»

«እኔም ያን ጊዜ አርግዤ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሦስተኛዋ።

አስካለ እግራችን ሥር ናት። አፈሩ ገና አልረጋም። እዚያው ላይ ቆመው አመሰገኑኝ፣ ስላባረርኳት። መናገር የነበረብኝ ሌላው ግማሽ አፌ ላይ ነበር፤ ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ እንደሌለም አውቅ ነበር፣ ሰናይት እሷን ስለመረጠች ቀንቼ ነው ማለት። ረጅም አይደለም። አንድ ትንፋሽ ይበቃዋል። ሊያ ግን አጠገቤ ነበረች፤ ጭራ ጭራውን ሰምታ ግራ ገብቷት «ጉድሞር፣ ከምንድን ነው ያተረፍሽኝ?» አለችኝ በስዊድንኛ። ፊቷን አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት ያቀፍኩትን፣ የአስካለ መሆን የነበረበትን ፊት። ብናገር አጣታለሁ። «ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ» አልኳት። ሰናይት ስትስመኝ ጉንጬን ሰጠኋት። እዚያኛውንም ጉንጭ ሰጠኋት። ሊያ መሬቱ ያንሸራትታል ብላ ክንዴን ይዛ እስከ መኪናው ድረስ ወሰደችኝ።

አሁን እንግዲህ ሙሉውን ሰማችሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር የምትለኝ አንዷ አፈር ገብታለች። ሌላዋ ሊያ ናት፣ ተቀምታ ስላደገችው ክርስትና እናት የማታውቅ። ሰውየው ለፈሩት ወገኖቹ ሲጽፍ በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ በሚያነቡት ፊደል ነበር የጻፈው፣ ደብዳቤው የሚመለከተው ሰው እጅ እንዲገባ። እኔ ይህን በአማርኛ ጻፍኩት። ሊያ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ፊደል ላስቆጥራት ጀምሬ የተውኩት ራሴ ነኝ፣ ሥራ በዛብኝ ብዬ። በስዊድንኛ መጻፍ እችል ነበር፤ ከአማርኛ ይልቅ ብዙ የጻፍኩበት እሱ ነው። ከእናንተ የሚያውቃት ካለ ያንብብላት። እኔ አልቻልኩም ብል ውሸት ነው። እችላለሁ። ፈርቼ ነው።